ብረት አነሣሁ

አባቴ ድንኳን ውስጥ አጥንት ሲቆጥር፣
እገሌን ከእገሌ በስም ሲያስተሳስር፣
ሰባት ቤት ደርሶ ነው ትንፋሹን የሚስበው።
እኔም በልጅነት፣ ይህን ያህል አጥንት ያለው
ሰው አይሰበርም ብዬ ነበር የማስበው።

ዊኒፔግ ላይ ግን አጥንቴን የቆጠረው
ነጭ ማሽን ነው፤ ዘር የማይጠይቅ፣
"አትንቀሳቀሺ" ከማለት በቀር ቋንቋ የማያውቅ።
ከወገቤ ተነሥቶ እስከ ዳሌዬ ድረስ
እንደ ቅማል ለቃሚ ቀስ ብሎ ሲዳስስ
ቆየና፣
"ከዜሮ በታች ሁለት ነጥብ ስድስት" አለች ዶክተሯ፣
ወረቀቱን አንዴ፣ እኔን አንዴ እያየች።
"ለዚህ ከተማ ጥር ይኼማ በጋ ነው" ብላት
አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

አምና በታኅሣሥ፣ ሳርጀንት ጎዳና ላይ፣
አውቶቡስ ስጠብቅ ሳይነጋ ሰማይ፣
በረዶው ከእግሬ ሥር ተንሸራቶ ሄደ፤
እጄን ብዘረጋ፣ አንጓዬ ካደ።
ድምፁ ትንሽ ነበር፦ ቀጭ፣ እንደ ጭራሮ።
ስድስት ሳምንት ከረመ ክንዴ በጀሶ ታስሮ።

ካረጥኩ ሰባት ዓመቴ። ማንም ምንም አልነገረኝ፤
"ከዚያ ወዲያ ዕረፍት ነው" ብቻ ነው እናቴ ያለችኝ።
ዕረፍት!
ሌሊት በላብ ነቅቼ፣ በዚህ ብርድ መስኮት ስከፍት፣
ላዩን ደህና የሚመስል፣ ሆዱን የበላው ምስጥ፣
አጥንቴ እንደ ምሰሶ ሲቦረቦር ከውስጥ።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስወጣ፣
ምድር ቤት እወርዳለሁ፣ ጫማዬን ቀይሬ፣ የሰፈሩ አዳራሽ።
ኮራዞን ትጠብቀናለች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣
ቁመቷ ትከሻዬን እንኳ በቅጡ የማይደርስ፣
የእኔን ክብደት ከመሬት የምታነሣ፣ ያለ ወሬ፣ ያለ ድግስ።

መጀመሪያ ቀን "ብረት አንሺ" ስትለኝ ሳቄ ነው የመጣ፤
በእኛ አገር ብረት ያነሣ ጫካ ነው የሚወጣ።
ሸፍቼ በማን ላይ? ለየትኛው በቀል?
ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት "ቀስ በይ፣ ተይው፣ ይከብድሻል" የሚል
ድምፅ ላይ ይሆን?

"ጉልበትሽን እጠፊ" ትላለች በምልክት፤
አታውቅም በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል መሆኑን ጉልበትና ጉልበት።
ኦክሳና በዩክሬንኛ ትቆጥራለች፣ ጥርሷን ነክሳ፣
ለተብርሃን በትግርኛ፣ አምስት ላይ ትረሳና እንደገና ተነሥታ።
እኔ ቁጥር አልጠራም።
አንድ፦ እናቴ፣ ትደነቂያለሽ።
ሁለት፦ እናቷ፣ ውባለም።
ሦስተኛዋን አላውቃትም። "ጎብጣ ሞተች" ከማለት በቀር
ስሟን የያዘላት የለም።
አባቴ እነዚህን አልቆጠራቸውም።
አራት፣ አምስት፣ ስድስት፦ ስም የሌላቸው ወገቦች፣
እንስራና እርግዝና ያጎበጧቸው ሴቶች።
ሰባት ላይ ክንዴ ይንቀጠቀጣል።
"አንድ ጨምሪ" ትላለች ኮራዞን።
ስምንተኛዋ እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ደግሞ ተቆጠርኩ፦ ሁለት ነጥብ አምስት።
"ልዩነቱ ከማሽኑ ስሕተት አይበልጥም" አለች ዶክተሯ፣
"ግን አልባሰም። እሱን ያዢ።"
ያዝኩት።

ትናንት ደጃፉ መስተዋት ሆኖ አደረ፤
ሃያ ኪሎ የጨው ከረጢት መኪናዬ ውስጥ ነበረ።
ጎረቤቴ ፍሪሰን አካፋውን ጥሎ ሊያግዘኝ ሲሮጥ
"ተወው" አልኩት። ዳሌ ወደ ኋላ፣ ጀርባ ቀጥ፣
ስምንት ድረስ ሳልጠራ፣ አንድ ብዬ አነሣሁት።
ደረጃው ላይ እፍኝ እፍኝ አድርጌ በተንኩት፣
መጀመሪያ እሱ በሚያልፍበት፣
ከዚያ እኔ በምወርድበት።