ግማሽ ክኒን

ዮተቦርግ አልነጋም፣ መስኮቱ ጨለማ፤
ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ፣ እግሬ ያለ ጫማ።
ሰማንያ አንድ ኪሎ፤ ከትናንት ቀንሷል፤
ስጫነው የሚቀር፣ የጣቴ ጉድጓድም ከእግሬ ላይ ጠፍቷል።
ይህን በደብተሬ፣ በእርሳስ ጽፌ፣
ነጯን ክኒን በቢላ ገምሼ፣ ግማሿን አትርፌ፣
ተመልሼ ጋደም አልኩ፣ ሁለት ትራስ ተደግፌ።

«በትንሹ እንጀምር» ብላኝ ነበር ጉኒላ፣
«ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ሙሉው ኋላ ኋላ።
ሲያዞርህ ንገረኝ፤ በራስህ አታቁም፤
በድንገት ከተውከው፣ ልብህ አይታገስም።»
ከዚያ ስሜን ከመዝገቡ፣ በጣቷ እያሳየች፣
«ዴ... ሜላሽ፤ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለች።

ምን ብዬ ልመልስላት? ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ፣
በእርሻ ድንበር ጠብ፣ ባንዲት ጥይት ነው አያቴን ያጣሁ።
አባቴ እትብቴ ሳይደርቅ፣ «ደምመላሽ» ብሎ ጠራኝ፤
ስም አይደለም፣ ትእዛዝ ነው፤ አፍ ሳልፈታ አስታጠቀኝ።
ለጉኒላ ግን አልኳት፦ «ደምን የሚመልሰው።»
ሳቀች፦ «እንግዲያማ ልብህ ነዋ፣ ስምህን የረሳው!»

ሃያ አንድ ዓመት ነዳሁ፣ ትራም በዚህ ከተማ፤
«ፍሬን የፈሪ ነው» አይልም፣ ቁልቁለት ያወቀማ።
ቅጠል ሲረግፍ በመከር፣ ሐዲዱ ሳሙና ይሆናል፤
በድንገት የረገጠ፣ ከነሕዝቡ ይንሸራተታል።
ነካ፣ ለቀቅ፤
ነካ፣ ለቀቅ፤
ከሆዷ አሸዋ ይወርዳል፣ ጠብ ጠብ እያለ በሐዲዱ፤
ብረት አፈር ሲቀምስ ነው፣ የሚበርድለት መንደዱ።
ይህቺም አሸዋ ናት፣ ብዬ ዋጥኳት።

ዋጋ ግን አላት።
ጣቴ በነሐሴ ፀሐይ እንኳ ይበርደዋል፤
የቤቴ ደረጃ ሠላሳ ስድስት ነው፣ በሦስት ዕረፍት ያልቃል፤
ሕልሜ ቀለም በዝቶበታል፣ የሞቱት ስሜን ይጠሩኛል።
ልጄ «ፈተናውን አለፍኩ» ብላ የደወለች ለታ
ደስ አለኝ፤
ደስታው ግን በእግሩ መጣ፣ እንደ ድሮው አልሮጠም።
ድሮ ልቤ በር ይደበድብ ነበር፤
አሁን አንኳኩቶ ይጠብቃል።

ትናንት ከተራ መጠበቂያው፣ ከፕላስቲኩ ወንበር፣
አንድ አበሻ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን አቅፎ ነበር።
«ማን ልበል?» አልኩት።
«ይርጋ» አለ፤ የአባቱን ስም አስከተለ።

የአባቱን ስም አውቀዋለሁ። ከጡት ጋር ነው የጠጣሁት።
አባቴ በመጨረሻው ስልክ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣
ሌላውን ሁሉ ረስቶ፣ ያንኑ ስም ደገመልኝ።

ጠበቅሁ።
ልቤ ይነሣል ብዬ፣ ጆሮዬ ይጮኻል ብዬ፣
ሁለት ጣቴን ከእጄ አንጓ፣ እንደ ዘበኛ አቁሜ።
ምንም።
አምሳ ስድስት። አምሳ ስድስት። እንደገና አምሳ ስድስት።

ይቅርታ ነው ይሄ? ወይስ ክኒኗ ናት?
ወይስ ቂም የምንለው፣ ድሮም የደም ግፊት ኖሯል፣
ትውልድ በትውልድ ሳንለካው የኖርንበት?
ሕግ አዋቂ «ይርጋ» ይላል፣ ክስ በጊዜ ሲሻር፤
እነሆ ይርጋ በአካል፣ ካጠገቤ ይስል ነበር።

«ስንት ነው የምትወስደው?» አልኩት።
«አምስት። አንተስ?»
«ገና ግማሿ ላይ ነኝ።»
«ታድለህ! እኔን በቁሜ በረዶ አደረገኝ»
ብሎ እጁን ሰጠኝ፣ ላረጋግጥ።
ቀዝቃዛ ነው። የኔም ቀዝቃዛ ነው።
የቱ የማን እንደሆነ፣ ለጊዜው ጠፋኝ።

ስንወጣ ትራሟ ቆማለች፣ በሯ ሊዘጋ ይጮኻል።
ድሮ ቢሆን እሮጥ ነበር። እሱም ሯጭ ነበር መሰለኝ።
ሁለታችንም ቆምን፣ እያየናት ሄደች።
«የሚቀጥለው በስምንት ደቂቃ» ይላል ሰሌዳው።
አግዳሚው እርጥብ ነበር፤ ጋዜጣ አንጥፎልኝ ተቀመጥን።

ስሜን ገና አልጠየቀኝም።