ሻንሲ ቁጥር

ኤይላት ወደብ፣ በሐምሌ ቀትር፣
ቆሜ አጮልቃለሁ በብረቱ አጥር።
ሺህ አዲስ መኪና፣ ፕላስቲክ ለብሶ ተሰልፎ፣
ገዢውን ይጠብቃል በር በበሩ ተቆልፎ።
ከመሃል የኔዋ ቮልስ፣ ሰማያዊ ቀለሟ ተልጦ፣
ልክ ያልተጠራ ዘመድ፣ ከሠርግ ቤት ጥግ ተቀምጦ።

ጎንደር፣ አውቶ ፓርኮ፣ ጋራዥ ስሠራ
አለቃዬ ጋሽ ንጋቱ ቢመታ በኪሳራ
«ደሞዝህ የለኝም፣ ይችን ውሰዳት» አለኝ፤
ያሥራ አንድ ወር ላቤ በአራት ጎማ ተከፈለኝ።
ሦስቱ የተነፈሰ።

እኔ በአውሮፕላን በአንድ ሌሊት ስሻገር
እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸራ ሥር ከረመች፣ ከዶሮ ጋር።
እህቴ የውብዳር በስልክ «መኪናህ እንቁላል ጣለች» ስትለኝ
ስቄ ስቄ ሳበቃ ጉሮሮዬን ያዘኝ።
ከዚያ ጅቡቲ። ከዚያ ባሕር። ከዚያ ጉምሩክ፣ ቀረጥ፤
የሆቴል አንሶላ አጥቤ ያኖርኩት እንደ በረዶ ሲቀልጥ።

ከመስኮት ሦስት ኋላ ወይዘሮ ሹላ
ወረቀቴን ታበጥራለች፣ ነፍታ፣ አንገዋላ።
ሊብሬው ስልሳ አምስት ይላል የተሠራችበትን ዘመን፣
ብረቱ ላይ ሰባ ሁለት። «የቱን እንመን?»
«ሁለቱንም» አልኳት። «የኛ ዓመት አዝጋሚ ነው፤
ሰባት ጨምሪበት፣ እዚያው ነው የምናገኘው።»
ልጄ ሞራን ተረጎመች፤ አሳጠረችው መሰለኝ።
ሹላ ቀና ብላ፣ ከመነጽሯ በላይ፣ አንዴ አየችኝ።

መታወቂያዬ ላይ ቀኑ ዜሮ ዜሮ፣ ወሩም ዜሮ ዜሮ፤
ዓመቱን ያኔ ጸሐፊው ገመተው፣ እንደ በቅሎ ጥርሴን ቆጥሮ።
እናቴ «አንበጣ በመጣ ማግስት» ትል ነበረ፤
አንበጣው ፊርማ ሳያኖር በረረ።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?» «በኔ።» «የለም፣ ይሄ ሌላ ሰው!»
«እሱም እኔ ነኝ፤ ሳልፈታ፣ ሳልገጠም የነበርኩት ነው።»
ቢያድግልኝ ነበርኩ። ለአፍ ከበዳቸው። እንደ ሞተር ፈትተው፣
ከመሃሉ ሁለት ፊደል አስቀርተው፣
ጋድ አሉኝ፣ ገልብጠው።
ከኔ በፊት ሦስት ቀብራ እናቴ የለመነችበትን ስም፣
በእጅ የላላ ቡሎን እንደ መፍታት፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

መርማሪው ፊማ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ
ከሥሯ ገባ፤ ወጣ፣ ግራሱን በሱሪው አብሶ።
የኋላውን ወንበር አነሣ፤ አንዲት ነጭ የዶሮ ላባ
ብድግ ብላ አየር ላይ ዞረች፤ ሳትቀረጥ አገር ገባ
የተባለች እሷ ብቻ ናት።
ከላባዋ ሥር ቁጥሩ፣ ሳይጎድል ሳይጨመር፤
ፊማ በሩሲያ ቃና ጮኾ ሲቆጥር፣
ሞራን ስትጽፍ፣ እኔ ስሰማ።
ጀርመን አገር አንድ ሰው መዶሻ አንሥቶ የመታው፣
ሃምሳ ዓመት ከርሞ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ማንም ያልፈታው።

መስኮት ሦስት ተመለስን። ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ።
«ሽያጭ ይሁን እንግዲያው፤ አይሆንም ሻጭ ካልፈረመ።»
ሻጭ፦ ቢያድግልኝ ውባንተ፤ በፊደል፣ ሰፊ፣ ረጅም።
ገዢ፦ ጋድ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ፊደል፣ ቀለም እንኳ አይጨርስም።
«ተጨባበጡ» አለማለቷ ገረመኝ።

«የሰብሳቢ መኪና ናት፤ ለቅርስ እንጂ ለሥራ አትወጣ፤
ከሰባት እስከ ዘጠኝ፣ ጠዋት፣ መንገድ ላይ እንዳትመጣ።»
እሺ አልኩ። በኔ ሰዓት ከአንድ እስከ ሦስት፤
ያኔማ እኔም የለሁ፤ አንሶላ ይዞኛል፣ እንፋሎት።

አንድ ባዶ ቦታ ቀረ፤ «ዋጋ» ይላል።
ሞራን ብዕሯን አንሥታ፣ «አባ፣ ስንት ይባላል?»
«ያሥራ አንድ ወር ደሞዝ» ብዬ ጀመርኩ፤ ጋሽ ንጋቱን፣ ኪሳራውን፣
ሸራውን፣ ዶሮዎቹን፣ የውብዳር በስልክ የሳቀችውን።
ሰማችኝ። ጻፈች።
አሳጠረችው።