ተራ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሦስት

ግዳንስክ ላይ በረዶ ሌሊቱን ሲጥል አድሯል፣
ፈረቃዬ አልቆ፣ የመጀመሪያው ትራም ከጋራዥ ወጥቷል፤
ሽቦ ሲፈታ ያነጋ እጄን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣
ሻዬን ይዤ እንደ ልማዴ ከኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ።

ልጫወት ነው እንዳትሉኝ፤ መጫወት ድሮ ነበረ፣
የጨዋታው ባለቤት የቁልፍ ዘበኛ ሆኖ ቀረ።

አምስት ሱቅ፣ አምስት በር፣ አምስት የይለፍ ቃል፣
አንዱ ቁጥርና ነጥብ ካልገባበት ይቆጣል፤
ሰማያዊው ሱቅ በየበጋው ዋጋ እየጣለ ያማልላል፣
ጥቁሩ ሱቅ አርብ አርብ አንድ ጨዋታ በነጻ ይጥላል፣
እንደ ምጽዋት። እኔም እሰለፋለሁ፣
የማልጫወተውን እቀበላለሁ።
ሦስተኛው ሊከፈት ሲል ግማሽ ሰዓት ይታደሳል፣
አራተኛው "ማነህ?" እያለ ወደ ስልኬ ቁጥር ይልካል፤
አምስተኛውን ግን ረስቼው ኖሬያለሁ፣
ስለሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ኅዳር ላይ ቪየስዋቫ ከኋላዬ ቆማ አየችኝና፣
"ሰውዬ፣ ጎተራህን ቆጥረህ ታውቃለህ?" አለችኝና
ገበያ ወጣች።
ጥያቄዋ ግን ቤት ቀረች።

ባለካሬ ደብተር ገዛሁ፤ በማስመሪያ አሰመርኩ፣
ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዋጋ፣ የተገዛበት ሱቅ ብዬ ከፈልኩ፤
ሦስት ሳምንት ጻፍኩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ፣
የጨረስኩት አሥራ ዘጠኝ፤ ሌላው ሳይፈታ የባከነ።
አንዲቱን የወደብ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ገዝቻታለሁ፣
በሦስት ሱቅ፣ በሦስት ክረምት፤ ሦስቴም "አዲስ" ብያታለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ ቲሞን ይህን ሰምቶ ሳቀና፣
"አምስቱን በአንድ መስኮት የሚያሳይ ፕሮግራም አለ" አለና
ጫነልኝ። በእርግጥም ሁሉም ተደረደረ፣
ስድስተኛ የይለፍ ቃል ጨመረ።

ከዚያ ያ ኢሜይል መጣ፦ "ውድ ደንበኛችን፣
በወሩ መጨረሻ ይዘጋል በራችን።"
አምስተኛው ሱቅ ነው፤ ትንሹ፣ አሮጌው፣
አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጥኩት፣ ማንም የማይፈልገው።
ከታች በደቃቅ ፊደል "የገዙት ፈቃድ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም" ይላል፤
እንዲህ ያለ ሻጭ የት ይገኛል?
ዳቦ ሸጦልህ ሲያበቃ፣ ጉርሻው ከጉሮሮህ ሳይወርድ፣
"የሸጥኩልህ ማኘክን ነው" ብሎ የሚፈርድ።

ልገባ ሞከርኩ። የይለፍ ቃሌ ጠፍቷል።
"እርስዎ ከሆኑ ይመልሱ" ብሎ ጠይቋል፦
የመጀመሪያ ውሻዎ ስም ማን ነበር?
ውሻ? እኔ? ድመት እንኳ ያልገባበት ይህ በር?
"አዞር" ብዬ ጻፍኩ፤ አልተቀበለኝም። "ቡሬክ" አልኩ፤ አልሆነም።
"አንድ ሙከራ ቀርቶዎታል።" እጄ ወደ ፊደሉ አልሄደም።

ያኔ ትዝ አለኝ። አካውንቱን የከፈተችው ልጄ ናት፣
ሉድሚዋ፣ ያኔ የስምንት ዓመት፤
ካርዴን ሰጠኋት እንጂ የጻፈችውን አላየሁም፣
አሁን ሽቼቺን ትማራለች፤ ብዙም አንደዋወልም።

ደወልኩ። "ምን ሆነህ ነው አባ?" አለች ደንግጣ፤
"ውሻው ማን ይባል ነበር?" ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፦
"ጉዚክ ነዋ! ያ ያልገዛህልኝ ውሻ፣
'የኪራይ ቤት ነው፣ አይሆንም' ያልከኝ፣ ስለምንህ እስከ መጨረሻ።"

ጉዚክ በኛ ቋንቋ ቁልፍ ነው፣ ኮት ላይ የሚሰፋው፤
ስድስት ቃል ታጥቄ፣ ለካ እሱ ነው የጠፋው።

በሩ ተከፈተ።
መደርደሪያው ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ፤ ያችው፣ የወደቧ።
አራተኛ ግዢ! ፊቴን አሞቀኝ እፍረቷ።
ግን ከፈትኳት። ድንኳን የሚያህል ቤት፣ ቀይ የተቀባ፣
ግማሹ የተሠራ ጀልባ፣ ጣሪያ ላይ የበቀለ አበባ፣
ደጃፉ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት አጥንት የጣለለት ሳይኖር፣
አንድ ቡናማ ውሻ፤ ጭራውን ሲቆላ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል ነበር።

ስልኩ አልተዘጋም። "አለ?" አለች። "አለ" አልኳት።
"አብላው እስቲ።" የቱ ቁልፍ እንደሚያበላው ጠየቅኳት።

ሱቁ እንዳሉት ተዘጋ። ቲሞን ፋይሉን ቀድቶልኛል፣
ይከፈት እንደሆነ እንጃ፤ "ይሞከራል" ብሎኛል።

ደብተሩን አወጣሁ። ተራ ቁጥር፦ አራት መቶ አሥራ ሦስት።
ስም፦ ጉዚክ።
ዋጋ፦ አንድ የስልክ ጥሪ።
የተገዛበት ሱቅ የሚለው ላይ
እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።