ማታ ማታ አንድ

ወረቀቷ ላይ ጨረቃ አለች፣ በእስክሪብቶ የተሣለች፤
ከሥሯ «ማታ ማታ አንድ» ትላለች።
ስሟ ለምላሴ ረዘመብኝ፤ አሚትሪፕትሊን።
የፈለገ ሕይወቷ ፋርማሲስት፣ ህብስቴ፣
ሰልፉ ከኋላዬ እያጉረመረመ
ሳትቸኩል ነገረችኝ፣ ልክ እንደ እህቴ፦

«አፍ ያደርቃል። ሆድ ያደርቃል።
ድንገት ስትነሣ ራስ ያዞራል።
ቶሎ አትጠብቀው፤ ሦስት ሳምንት፣ አራትም ይቆያል።
ቀለለኝ ብለህ በራስህ እንዳትተወው።
የሚያስፈራ ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ
ሌሊትም ቢሆን ና፤ በራችንን አንኳኳው።»

እኔ የማውቀው የጀልባ ሞተር ነው።
ጢስ ሲያበዛ ዘይቱን፣ ሲያስል ካርቡሬተሩን ነው የማየው።
ይኼኛው ግን አይጮኽ፣ አይግል፣ አያንጠባጥብ፤
ጠዋት መፍቻ አንሥቶ፣ መልሶ ማስቀመጥ፣
ከቁርስ እስከ ምሽት አንድ ብሎን ላይ ማፍጠጥ።
እናቴ «ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ፤
ጠበሉ በረደኝ፣ የእሷ እንባ ሞቀኝ።
ሐኪሙ «ድባቴ» አለው።
እኔ በልቤ እምቦጭ አልሁት።
ከሩቅ ላየው መስክ ነው፤ አበባም አለው፤
ውኃው ከሥሩ አለ፣ ዓሣውም አለ፤
ፕሮፔለሩ ብቻ ተጠምጥሞበት አልዞር አለ።

በሦስተኛው ቀን፣ ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ
ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ።
ሳቄ መጣ፤ ከስንት ወር በኋላ መሰላችሁ!
ጣናን የሚያህል ውኃ ፊቱ ተዘርግቶ
አፉ የደረቀ ሰው።

ሰው እንዳያያት ግሪስ ጣሳ ውስጥ ደበቅኋት።
አንድ ቀን የአንጓች መጥበሻ ጎን
መሐረብ ስስብ ከኪሴ ወደቀች።
አንጓች አነሣቻት፤ ወደ ብርሃን ያዘቻት።
«ይቺንማ እኔም እውጣታለሁ!» አለች፣
ሽምብጥ ሁሉ እየሰማ።
«እግሬ ሌሊት እንደ ረመጥ ሲያቃጥለኝ
ስኳሩ ነው ብለው እሷን ሰጡኝ።
ምራቴም ለራስ ምታቷ ትወስዳታለች።
ያንተስ የቱ ጋ ነው የሚያቃጥልህ?»

እጄን አነሣሁ። ወደ ደረቴ። ወደ ግንባሬ።
የትም አላረፈ፤ አየር ላይ ቀረ።
«ገባኝ» አለች።
ዓሣዋን ገለበጠች።

በአምስተኛው ሳምንት ተአምር አልሆነም።
ማክሰኞ ነው፤ የዘጌው ጀልባ አልነሣ ብሎ
ሰው ሁሉ ካፒቴኑ ላይ ሲጮኽ
እጄ ሳላዘው መፍቻውን ፈለገ።
ካንዴላውን ፈታሁ፤ ጥላሸቱን ፋቅሁ፤
ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ያዘ።
ይኸው ነው።
እምቦጩ አልጠፋም፤ ነፋስ ገፋ ያደርገዋል፣
ደግሞ ይመጣል።

ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ይንኳኳል፤
የጭቃ ነው፣ ስስ ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል።
«ዋጥህ?»
«ዋጥሁ። አንቺስ?»
ብርጭቆ ሲቀመጥ እሰማለሁ።