ነፋስ ልንገዛ

ደሴ ፒያሳ ወጣን፣ ነፋስ ልንገዛ፤
ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ አስፋልቱ ረጥቦ በጤዛ።
ሰው ቢሰማ ይስቅ ነበር፦ «ደሴ ላይ ነፋስ ተወዶ?
የጦሳ ብርድ በነጻ ሲገባ በር ቀዶ?»

እኛ ግን ቤታችን ጎማ አለው።
አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሲንጀር የጫነ ተሳቢ፣
መስኮቱ ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ።
ሰኞ ባቲ፣ ሲለጥቅ ሐይቅ፣ አለዚያም ቢስቲማ፣
ገበያ ባለበት የምንሰፋ፣ የምንተኛ፣ ከነቤታችን በጎማ።

ጉድ የሠራን የግራው ነው፣ አመለኛው፤
ማታ ቆሞ አምሽቶ ንጋት ላይ የሚተኛው።
ሐምሌ ላይ፣ ሐረጎ ዳገት፣ ጉም እጃችንን ሲሰውረው
በእግር ፓምፕ ስንረግጥ ነጋ፤
እስከ ስድስት መቶ እኔ ቆጠርኩ፣
ከዚያ ወዲያ ጉልበቴ ነው የቆጠረው።

ባለሱቁ ደረደረልን፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ መብራት ያለው፣ የሌለው።
ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የአውሮፕላን ጎማ ይነፋል፤
ጦይብ ቁጥር ሲያይ፣ እንደ ሎተሪ፣ ልቡ ይጠፋል።
«ይሄን!» አለ ቀዩን አቅፎ፣ ክርስትና እንደሚያነሳ።
እኔ ጨርቅ እንኳ በጣቴ ሳላሽ፣
ውስጡን ሳልገለብጥ አልገዛም።
ስልኬን አወጣሁና ደወልኩ ለአሊጋዝ፣
ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ፣ ለጎሚስታው።

«አብሽሪ እህቴ፤ ቁጥሩን ተይው፣ የካርቶን ወሬ ነው፤
ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ይሠራል በይ፣ ዋናው ትንፋሹ ነው።
ከሲጋራ መለኮሻ የሚጠባው ፊውዝ ይበላል፤
ከባትሪው፣ በሁለት ቆንጣጭ፣ የሚጠጣው ይሻላል።
ቱቦውን በሜትርሽ ለኪው፤ ቤታችሁ ረጅም ነውና፣
ባትሪው ፊት፣ ጎማው ኋላ፣ መሀሉ ሙሉ ጎዳና።
በይ አስነሺና ስልኩን አስጠጊው፣ ድምፁን ልስማው።»

ቀዩ ጮኸ፣ ወፍጮ ቤት አከለ።
«ይሄ ለመንገር ነው እንጂ ለመንገድ አይሆንም» አለ።
ቢጫው ሳል ጀመረው፤ አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጋለ።
ጥግ ላይ፣ አቧራ የለበሰ፣ ባለ ሁለት ፒስተን፣ ግራጫ፣
ዝቅ ብሎ አጉረመረመ፣ እንደ ጠገበ ድመት።
«እሱን! እሱን እንዳትለቂው!»
ዋጋው የሁለት ወር ስፌት።
ጦይብ ብር የቋጠረበትን ካልሲ ሲፈታ
ፊቱ የግራውን ጎማችንን መሰለ።

ከሰዓት ቁልቁል ወረድን።
ደሴ በብርድ ሠላሳ የነበረው
ኮምቦልቻ ሠላሳ አራት ሆኖ ተለካ፤
ሙቀት ሲያገኝ የማይኮፈስ የለም ለካ!

አሊጋዝ ጌጃችንን ከራሱ ጌጅ አስተያየ፤ በአንድ ነጥብ ተለያዩ።
«የኔው ነው የሚዋሸው» ብሎ ሳቀ።
ከኋላው የራሱ ኮምፕሬሰር፣ ሆዱ የዛገ፣
ተሰልፎ የሚጠብቀው ጎማ ግን የለ።
ያኔ ነው ያፈርኩት። በምክሩ የገዛነው ማሽን
ከደጁ አንድ ደንበኛ ነጠለ።

«ምን ልክፈልህ?»
«ነፋስ የአላህ ነው፤ እኔ ቱቦ ነኝ።
ስታልፉ ጥሩምባ ንፉልኝ፣ ይበቃኛል።
መንገድ ላይ የወደቀ ካያችሁም
ንፉለት እንጂ አትንፈጉት።
ደግሞ ስፌት ለምታውቅ አልነግርም፦
ነፋስ ቀዳዳ ያሰፋል እንጂ አይሰፋም።
ለሱ ወደኔ ትመጣላችሁ።»

ግራው ዛሬም አመሉን አልተወም።
ማለዳ ማሽኑ ያጉረመርማል፣
እኔ ቱቦ ይዤ፣ ጦይብ ጌጁ ላይ አፍጥጦ፤
ቤታችን ከነሲንጀሩ ቀስ እያለ ይነሳል።

በርበሬ ወንዝ ስንደርስ ጦይብ ጥሩምባውን ነፋ፣ ረዘም አድርጎ።
አሊጋዝ መኪና ሥር ነበር፤ ቀና አላለም።
ከክሪኩ ጎን አንድ እጅ ብቻ ወጣ፣
ግሪስ የጠጣ፣
መዳፉን ዘርግቶ።