መልስ

ግሪምስቢ ላይ ጧት ነው፤ ባሕሩ ጉም ለብሷል፤
ከዓሣ ወደቡ ሽታው ብቻ ደርሷል።
ቤሪል ስኬልተን ከማሞቂያው ሥር ተቀምጣ፣
የደም ግፊት ኪኒኗን በሻይ ውጣ፣
ታያለች።
ጥርሰ በረዶው ሰው ካሜራውን አይቶ
«ዐሥር ሺህ ፓውንድ!» አለ፣ ክንዱን ዘርግቶ።
«ጥያቄው ቀላል ነው፤
ከሦስቱ ባሕር ውስጥ የሚኖረው የቱ ነው?
ሀ፦ በሬ። ለ፦ ዛፍ። ሐ፦ ኮድ የሚሉት ዓሣ።
መስመሩ ክፍት ነው! ማን ነው ስልክ የሚያነሣ?»

ቤሪል ሣቋ መጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቢላ ጨብጣ፣
በበረዶ ውሃ ጣቷ ደንዝዞ፣
የኮድ ሆድ ስትቀድ፣ ሽርጧ ደም ይዞ፣
ኖራለች። እንግዲህ ጥያቄው ኑሮዋ፤
«የኛ ነው፣ ክሊፎርድ» አለች ለግድግዳዋ፣
ባሏ በመስታወት ታሽጎ ከሚሥቅበት።
ደወለች። አንድ ፓውንድ።
«መልስዎ ተመዝግቧል» አላት የተቀዳ ድምፅ፣
እንደ ጨዋ ሰው ረጋ ብሎ።

እኔ ለንደን ነበርኩ፣ ከስቱዲዮው ጀርባ፣
አዲስ ተቀጣሪ፣ ስወጣ ስገባ፣
ሳንድዊች አመላላሽ፣ ስም መዝጋቢ።
ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ሲል
አለቃዬ ቨሪቲ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣
«አንድ ሰው ምረጥ» አለች፣ «ሳቂታ፣ የማይፈራ፣
ቃል የማይጎትት፤ ያረጀ እንዳይሆን፣ አደራ።»
መረጥኩ። ከሬዲንግ። ጁልያን የሚባል።
ዕጣው እኔ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ ሳንድዊች ይዤ።

መስመሩ አልተዘጋም።
አርባ ደቂቃ ሙሉ ያ ሰው እንደሣቀ
«ደውሉ፣ ገና ነው!» አለ፣ ነገሩ ካለቀ።
ቆጣሪው ግድግዳ ላይ በቀይ ያነባል፤
በየሰከንዱ ካንድ ቤት አንድ ፓውንድ ይገባል።
ሙሽራዋ ከሄደች ወዲያ ሠርግ መጥራት ነው፣
በር ላይ ቆሞ ስጦታ እየተቀበሉ፣
ግቡ ግቡ እያሉ።

እዚያ ቤሪል መነጽሯን ጠርጋ፣
ቁጥሩን በጣቷ ፈልጋ ፈልጋ፣
ዐሥራ አራት ጊዜ ደወለች።
የሳምንት ጋዝ ነበር ዐሥራ አራቱ ፓውንድ፤
ማሞቂያውን አጠፋች፣
የክሊፎርድን ካፖርት ደረበች።

ኋላ ነገር ፈላ። ጋዜጣው ጮኸ፣ መርማሪ መጣ፤
ጣቢያው ለመንግሥት ቅጣት አወጣ፤
ጥርሰ በረዶው «አዝናለሁ» አለ፣ ለአንድ ጧት ጥርሱን ከድኖ።
ገንዘብ ይመለሳል ተባለ፣
የስልክ ደረሰኙን ላላጣ፤
ማን ያስቀምጣል የተስፋ ደረሰኝ?
ቨሪቲም ሄደች፣ ወደ ሌላ ጣቢያ፣ በዕድገት።

እንቅልፍ እምቢ ቢላት ሌት ለሌት ነፍሴ፣
ዝርዝሩን አወጣሁ ካጣጠፍኩበት ኪሴ፤
ዐሥራ አራት ጊዜ አንድ ቁጥር።
ደወልኩ። ገና ከመጥራቱ ተነሣ።
«ይቅርታ እመቤት፣ የምደውለው
ስለ ማለዳው ውድድር…»
አላስጨረሰችኝም።
«ኮድ ነው!» አለች። «ሐ! ኮድ!»
ትንፋሿ በሽቦው ውስጥ ሲቆራረጥ ሰማሁ፤
«ክሊፎርድ! ደወሉ እኮ!»

ወሬውን አልሰማችም? ወይስ ሰምታም አላመነች?
አላውቅም እስከ ዛሬ።
«መልስዎ ትክክል ነው» አልኳት፤
እውነት ነበር እሱ።
የቀረው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ እንደ ዓሣ እሾህ።

በሱቅ ደንብ ከፋይ ነው መልስ የሚቀበል፤
ይች ሴት ግን ከፍላም፣ ዐሥራ አራት ጊዜ፣
መልሱን የሰጠች እሷ፤
እኛ ዘንድ የቀረ መልሷን የጠየቀልን የለም።

«መቼ ነው የምትመጡት?» አለች።
«ቤቱ አልተጠረገም፤ ካሜራ ትይዛላችሁ?
ሃሎ?
ልጄ፣ አለህ?»

መስመሩ ክፍት ነው።