የተጨመረች መስመር

ሹመቴ በመጣ በዚያ በሐሙስ ቀን
ዝናብ ሸፍኖት ነበር የጅሬንን ጎን።
ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ተጨበጨበልኝ፤
ማታ ጫማ ሳወልቅ አንድ ድምፅ መጣብኝ፦
«ከዚህስ በኋላ?»
መልስ አጣሁ። ጣራው ሲንጠባጠብ አደረ።

ከአጥራችን ማዶ፣ ኮቺ፣ አባ ራያ አሉ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ «ነይ አንብቢ» ይላሉ።
ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ክረምት ያልፋል፤
ከትራሳቸው ሥር አንድ ወረቀት ያድራል፣
ነዚፍ ከአሰብ የላከው፣ ሾፌር ሳለ ድሮ፣
ከመታጠፍ ብዛት ፊደሉ ተሰውሮ፦
«አባዬ፣ ደኅና ነኝ። ሙቀቱ ከባድ ነው።
ለእናቴ ነጠላ ጫማ ገዝቻለሁ።
ለመውሊድ እመጣለሁ።»
አልመጣም።

እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ደም ሳጠና
ከማይክሮስኮፕ ፊት የምውል ጎንበስ ቀና፣
እነዚያኑ መስመሮች ስደግም፣ ስደግም፣
አንድ ቀን ጨመርሁበት፤ ለምን እንደሁ አላውቅም፦
«አባዬ፣ በሕልሜ ሁልጊዜ አይሃለሁ።»

ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
«ይሄ የነዚፍ አይደለም» አሉኝ ቆይተው ላፍታ።
«ያንቺ ነው።
ድገሚው እስቲ።»
ደገምሁት።

ሰኞ ወንበሬ ላይ ነበርሁ። ይሽከረከራል።
ደመወዙም ጥሩ ነው፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።
ስሜም በሩ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል።
ግን አዌቱ ድልድይ ላይ የድሮ ጓደኛ አግኝቶኝ
«የት ገባሽ? አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ቢለኝ፣
«አነባለሁ» አልሁት፤ አፌ አመለጠኝ።

ቅዳሜ መብራት የለም፣ ፈረቃ ነው አሉ።
ባትሪ ልግዛ መሰለኝ።
ለእሳቸው አይደለም፤
ለእኔ።